ከቀዶ ሕክምና በኋላ ጥንቸሎችን ማላመድ፦ የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

በዚህ ዕትም የምናስተናግዳቸው ጥያቄዎች ሁሉ በአንድ ጉዳይ ዙሪያ የተጻፉ ናቸው። ጠያቂዎቹ ወንድ ጥንቸሎቻቸውን አስኮላሽተዋል፣ ሴቶቹንም አስመክነዋል ወይም ለማስመከን እያሰቡ ነው፤ ይሁንና ከዚያ በኋላ እንስሳቱ ወዲያውኑ ተፋቅረው ይኖራሉ ብለው የጠበቁት አልሆነላቸውም። መልሶቹ አጠቃላይ ምክር ናቸው፤ እንስሳውን በእጁ ይዞ የሚመረምረውን የእንስሳት ሐኪም አይተኩም።

ጥያቄ፦ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ጥንቸል አሉኝ፤ እስካሁን የኖሩት በተለያየ ማደሪያ ነው። ወንዱ ከተኮላሸ ሦስት ሳምንት ሆኖታል፤ ሴቷ ደግሞ ማሕፀኗና የእንቁላል ዕጢዎቿ በቀዶ ሕክምና ከወጡ ገና ሁለተኛ ሳምንቷን መያዟ ነው። የሁለቱም ቁስል በሚገባ እንደ ገጠመ ሐኪሙ ስለ ነገረኝ፣ ከእንግዲህ የሚያጣላቸው ነገር የለም ብዬ ወንዱን ወደ ሴቷ ማደሪያ አስገባሁት። ሴቷ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጥፋ፣ ጭራዋን አቁማ ዘለለችበት፤ ተያይዘው ሲንከባለሉ ፀጉራቸው በየቦታው በነነ። ቀዶ ሕክምናው አልሠራም ማለት ነው? ወይስ እነዚህ ሁለቱ ከመጀመሪያውም የማይስማሙ ናቸው?

መልስ፦ ሁለቱም አይደለም። ቀዶ ሕክምናው የሚጠበቅበትን አድርጓል፤ ችግሩ የጊዜና የቦታ ነው። ስለ እነዚህ ከመነጋገራችን በፊት ግን ዛሬውኑ ሁለቱንም በየተራ ይዘው ፀጉራቸውን በጣትዎ እየገለጡ ይመርምሩ። የጥንቸል ጥርስ የሚተወው ቀዳዳ ጠባብ ስለሆነ ጥቅጥቅ ባለው ፀጉር ሥር ተሸፍኖ ይቀርና ከቀናት በኋላ መግል ቋጥሮ ያብጣል። ጆሮን፣ የዐይንን ዙሪያ፣ ጀርባንና የብልትን አካባቢ በተለይ ይመልከቱ። የሴቷንም የሆድ ስፌት አይርሱ፤ ላይኛው ቆዳ ቢገጥም እንኳ ከሥሩ ያለው የሆድ ግድግዳ ወደ ጥንካሬው ለመመለስ ከዚያ የበለጠ ጊዜ ይፈልጋልና፣ እንደዚህ ያለ ትግል ሊጎዳው ይችላል።

ስለ ጊዜው ስንነጋገር፣ የቁስል መዳንና የሆርሞን መርገብ አንድ ነገር እንዳልሆኑ መረዳት ያስፈልጋል። ቆዳ በ10 ቀን ገደማ ሊገጥም ይችላል፤ ሆርሞኑ ያስለመደው ጠባይ ግን ቀስ እያለ ነው የሚከስመው፣ በወንዱ ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት፣ በሴቷ ደግሞ እስከ 8 ሳምንት ሊወስድ ይችላል። በወንዱ በኩል ሌላም ምክንያት አለ። የዘር ፍሬዎቹ ከወጡ በኋላም ቀደም ብሎ የተመረተው የወንድ ዘር በመተላለፊያ ቱቦዎቹ ውስጥ ስለሚቆይ፣ የተኮላሸ ወንድ እስከ 6 ሳምንት ድረስ ሴት ሊያስረግዝ ይችላል። የእርስዎ ሴት ስለ መከነች ይህ ስጋት አይመለከትዎትም፤ ያልመከነች ሴት ያላቸው አንባቢዎቻችን ግን የጥንቸል እርግዝና 31 ቀን ገደማ ብቻ እንደሆነና የወለደች ሴት በሰዓታት ውስጥ እንደገና ልታረግዝ እንደምትችል አስበው፣ 6 ሳምንቱን ከነሙሉ ቀኑ ይጠብቁ።

ቦታውን በተመለከተ፣ ወንዱን ያስገቡት ሴቷ በአገጯ ሥር፣ በብሽሽቷና በፊንጢጣዋ አጠገብ ባሉት ዕጢዎች ጠረን እያንዳንዷን ማእዘን ወደ ቀባችበት ማደሪያ ነው። እኛ ባዶ ጥግ በምናይበት ቦታ ጥንቸል «ይህ የእኔ ነው» የሚል ጽሑፍ ታነባለች። ሴት ጥንቸሎች በተፈጥሯቸው የሚቆፍሩትንና የሚወልዱበትን ጉድጓድ አጥብቀው የሚከላከሉ ናቸው፤ መምከን ይህን ጠባይ ያለዝበዋል እንጂ በሁለት ሳምንት ውስጥ አያጠፋውም። ስለዚህ ሴቷ ያደረገችው እንግዳ ሰብሮ የገባባት ባለቤት የምታደርገውን ነው፤ ለክፋቷ ማስረጃ አድርገው አይያዙት።

አሁን ለያይተው ያቆዩዋቸው፤ ሴቷ ቢያንስ ስድስተኛ ሳምንቷን እስክትጨርስ ድረስም ፊት ለፊት አያገናኟቸው። ይህ የመጠበቂያ ጊዜ ግን የሥራ ፈትነት ጊዜ አይደለም፤ እንዲያውም የማላመዱ ትልቁ ክፍል የሚሠራው በዚሁ ጊዜ ነው። ማደሪያዎቻቸውን ጎን ለጎን ያድርጉ፣ በመካከላቸውም ሁለት የሽቦ አጥሮች ጥቂት ሴንቲ ሜትር ተራርቀው ይቁሙ። አንድ አጥር ብቻ ከሆነ በሽቦው ቀዳዳ አፍንጫና ከንፈር ይነካከሳሉ፤ በሽቦ በኩል የተነከሰ አፍንጫ ደግሞ ቂም ያተርፋል። ከጥቂት ቀናት በኋላ የአንደኛውን የመጸዳጃ ሳጥን ለሌላው፣ የተኙበትንም ፎጣ እንዲሁ ያለዋውጡ። ይህን ያለ ቁጣ ከተቀበሉ፣ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ጥንቸሎቹን ራሳቸውን ያለዋውጡ፤ እሷ እሱ በኖረበት ትደር፣ እሱም በእሷ ቦታ ይደር። በዚህ ዓይነት «የእኔ» እና «የእሱ» የሚለው ወሰን እየደበዘዘ ይሄዳል። ድርቆሹንና ቅጠሉን በአጥሩ ግራና ቀኝ ያቅርቡላቸው፤ መጀመሪያ ራቅ አድርገው፣ ኋላም እያቀራረቡ።

ፊት ለፊት የሚገናኙበትን ጊዜ ከቀን መቁጠሪያው ይልቅ እነሱ ራሳቸው ይነግሩዎታል። አጥሩን መንከስና በአጥሩ ወዲያና ወዲህ እየተመላለሱ መሯሯጥ ካለ ገና ነው። በአጥሩ አጠገብ ጎን ለጎን ተጋድመው የሚተኙ ከሆነ፣ ወይም ደግሞ አንዱ ሌላውን ከቁም ነገር ሳይቆጥር ድርቆሹን እያመነዠገ ራሱን የሚልስ ከሆነ ጊዜው ደርሷል። ብዙ አሳዳጊዎች የፍቅር ምልክት ሲጠብቁ ይህን ችላ ባይነት እንደ ጥላቻ ይቆጥሩታል፤ በእኔ አስተያየት ግን ከዚህ የተሻለ መጀመሪያ የለም። ጥንቸል አዳኝ የሚፈራ እንስሳ ነው፤ ዐይኑን ካልነቀለበት ነገር ላይ ስጋት እንዳለው፣ ጀርባውን ከሰጠው ነገር ደግሞ ስጋት እንደሌለው ልብ ይበሉ።

የመጀመሪያው ግንኙነት ሁለቱም ረግጠውት በማያውቁት ቦታ መሆን አለበት። ወለሉ የሚያንሸራትት ከሆነ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ እግሩ የሚከዳው ጥንቸል ይደነግጣል፣ የደነገጠም ይጣላል። ቦታው መሳደድ የሚቻልበት ያህል ሰፊ፣ መሸሽ የማይቻልበት ያህልም ጠባብ አይሁን። ድርቆሽ በተለያዩ ቦታዎች ይበትኑ፣ በሁለት በኩል የተከፈቱ የካርቶን ሳጥኖችም ያስቀምጡ። አንድ በር ብቻ ያለው መደበቂያ አንደኛው ሌላውን የሚያጠምድበት ወጥመድ ስለሚሆን አይጠቀሙበት። ጥንቸሎች ይበልጥ የሚነቁት ንጋትና ማምሻ ላይ ስለሆነ፣ እኔ የምመርጠው ሰዓት ሁለቱም ድብት የሚላቸውን የቀትሩን ሰዓት ነው።

እርስዎ አጠገባቸው ወለሉ ላይ ይቀመጡ። ወፍራም ጓንት፣ ትልቅ ፎጣና የቆሻሻ ማፈሻ ወይም ሌላ ጠፍጣፋ ነገር በእጅዎ ይሁን። ጠብ ከተነሣ ጠፍጣፋውን ነገር በመካከላቸው ያስገቡ ወይም ፎጣውን ጣል ያድርጉባቸው፤ ባዶ እጅዎን ግን በፍጹም አያስገቡ፤ ለጓደኛው የታሰበው ንክሻ ለእርስዎ ይተርፋልና። የመጀመሪያው ቆይታ ከ10 ደቂቃ ባይበልጥ ይመረጣል፤ የሚያበቃውም ነገሩ ሰላም ሳለ እንጂ ጠብ እስኪነሣ ተጠብቆ አይሁን። መሽተት፣ ትንሽ ማሳደድ፣ አንዳንዴም ፀጉር መንጨት የተለመደ ነው። ጭራ ቀጥ ብሎ ጆሮ ወደ ኋላ ከተለጠፈ፣ ሰውነት ከተገተረና ማጉረምረም ከተሰማ ግን ቶሎ ጣልቃ ይግቡ። ሁለቱ በክብ እየተሽከረከሩ አንዱ የሌላውን ጭራ ሲከተል ካዩም እንዲቀጥሉ አይተዉአቸው፤ ሽክርክሪቱ በቅጽበት ወደ ጠብ ይለወጣል።

በየቀኑ እያገናኙ ጊዜውን ቀስ በቀስ ያርዝሙት። አንዱ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ከሌላው አፍንጫ ሥር ሲያስገባ ግንባሬን ላስልኝ እያለ ነው፤ ሌላው ከላሰው ትልቁ እርምጃ ተራምዷል ማለት ነው። አብረው ከበሉ፣ ተጠጋግተው ከተኙና እርስዎ እየጠበቋቸው ቀኑን በሙሉ ያለ ጠብ ካሳለፉ በኋላ፣ ሌሊቱንም ጨምሮ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሳይሳደዱ መቆየታቸውን ሳያረጋግጡ ብቻቸውን አይተዉአቸው። ወደ ቋሚ ማደሪያ የሚዛወሩትም ማደሪያው በኮምጣጤና በውኃ ታጥቦ፣ በውስጡ ያለው ዕቃም ቦታው ተለዋውጦ ለሁለቱም አዲስ ከሆነ በኋላ ነው። የእንስሳት ደኅንነት ተቆርቋሪዎች ለሁለት ጥንቸሎች ቢያንስ 3 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ሁልጊዜ ክፍት ቦታ ይመክራሉ፤ ይሁንና ሙሉውን ስፋት በአንድ ቀን አይስጧቸው። በትንሹ ጀምረው በየጥቂት ቀኑ ያስፉላቸው፤ አዲስ የተገኘ መሬት አዲስ የባለቤትነት ጥያቄ ያመጣልና። ይህ ሁሉ በቀናት የሚያልቅላቸው ጥንዶች አሉ፤ ወራት የሚፈጅባቸውም አሉ።

ጥያቄ፦ ከአንድ እናት የተወለዱ ሁለት ወንድ ጥንቸሎች አብረው አድገው ነበር። አራት ወር ሲሞላቸው መጣላት ስለ ጀመሩ በአንድ ቀን ተኮላሹ። አሁን ሰባተኛው ሳምንት ነው፤ በየቀኑ ለጥቂት ጊዜ አገናኛቸዋለሁ። አይነካከሱም፤ ግን ትልቁ ዘወትር በታናሹ ጀርባ ላይ ይወጣል። ከተኮላሸ በኋላም እንዲህ ማድረጉ ቀዶ ሕክምናው በትክክል እንዳልተሠራ ያሳያል? ልከልክለው ወይስ ልተወው?

መልስ፦ ይህ ጥያቄ በተለያየ መልክ በተደጋጋሚ ይደርሰናል። ጀርባ ላይ መውጣት በጥንቸሎች ዘንድ የመራቢያ ተግባር ብቻ አይደለም፤ ማን ቀዳሚ፣ ማን ተከታይ እንደሆነ የሚነጋገሩበት መንገድም ነው። የተኮላሹ ወንዶችም፣ የመከኑ ሴቶችም ያደርጉታል። ስለዚህ ወደ ሐኪሙ የሚያስኬድ ምክንያት የሚሆነው ድርጊቱ ብቻውን ሲታይ አይደለም፤ ከሁለት ወር በኋላም ሽንት በየቦታው መርጨቱና ያለ ዕረፍት ማሳደዱ አብሮ ከቀጠለ ግን ሐኪሙ እንደገና ቢያየው መልካም ነው፤ አንዳንድ ጊዜ አንደኛው የዘር ፍሬ ወደ ከረጢቱ ሳይወርድ በሆድ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላልና።

መከልከልን በተመለከተ ዋናው ነገር የታችኛው ምላሽ ነው። ታናሹ ሰውነቱን ዝቅ አድርጎ ጸጥ ካለ፣ ለጥቂት ሰከንዶች ይተዉአቸው፤ የበላይነቱ ጥያቄ በእርስዎ ጣልቃ ገብነት ሳይሆን በእነሱ መካከል መወሰን አለበት፤ ሁልጊዜ ከገላገሏቸው ጥያቄው በየቀኑ ከአዲስ ይጀመራል። ሲበዛበትና ታናሹ መሸሽ ወይም ማጉረምረም ሲጀምር ግን ትልቁን በቀስታ ገፍተው ያውርዱት፣ ጭንቅላቱንም እያሻሹ ትንሽ ያብርዱት። በአንድ ሁኔታ ግን ፈጽሞ አይታገሡ፤ ትልቁ ዞሮ በታናሹ ጭንቅላት በኩል ከወጣ ወዲያውኑ ያንሱት። በዚህ አኳኋን የላይኛው ብልት ከታችኛው አፍ ፊት ይሆናል፤ ከዚያ የሚመጣው ንክሻ ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው፣ አንዳንዴም የማይጠገን ጉዳት ነው።

ሁለት ወንዶች ከተኮላሹ አብረው በደስታ ሊኖሩ ይችላሉ፤ በአጠቃላይ ሲታይ ግን ለመላመድ የሚቀልላቸው የተኮላሸ ወንድና የመከነች ሴት ናቸው። በቤትዎ ውስጥ ሌላ ሴት ጥንቸል ካለች ጠረኗ እንዳይደርሳቸው ያድርጉ፤ እርስዎም ከእሷ ጋር ቆይተው ሲመጡ እጅዎን ይታጠቡ። አብረው ማደጋቸው ዋስትና እንደማይሆን ደግሞ አስቀድመው አይተውታል። የግልገልነት ወዳጅነት የሚቆየው ለአቅመ መራባት እስኪደርሱ ነው፤ ይህም በትንንሾቹ ዝርያዎች ከ4 ወር አካባቢ ጀምሮ ይመጣል።

ጥያቄ፦ ሁለቱን ጥንቸሎች በአንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ አስገብቶ በመኪና ማዞር ቶሎ ያፋቅራቸዋል ሲባል ሰማሁ፤ ሲፈሩ ይጠጋጋሉ ይባላል። ልሞክረው?

መልስ፦ አይሞክሩት። መጠጋጋታቸው እውነት ነው፤ ምክንያቱ ግን ፍርሃት እንጂ ወዳጅነት አይደለም፤ መኪናው ሲቆም ፍርሃቱ ያልፍና የተውት ጠብ ካቆመበት ይቀጥላል። ከዚህም በላይ ድንጋጤ የጥንቸልን የአንጀት እንቅስቃሴ ሊያዘገይ ይችላል፤ በቅርቡ ቀዶ ሕክምና የተደረገለት እንስሳ ደግሞ ይህን የሚሸከምበት አቅም የለውም። ተመሳሳይ ምክር ሆኖ የሚቀርበውን ውኃ መርጨትም፣ ይባስ ብሎም አብሮ ማጠብን፣ እንዲሁ ይተዉት።

ጥያቄ፦ ወንዱ ጥንቸሌ ከተኮላሸ ሦስት ወር አልፎታል፤ ከሴቷ ጋርም በሰላም ይኖራሉ። ሴቷ አልመከነችም። መውለድ እስካልቻሉ ድረስ እሷን ለቀዶ ሕክምና ማጋለጥ አስፈላጊ አልመሰለኝም ነበር። በቅርቡ ግን የደረቷን ፀጉር እየነጨች ድርቆሽ በአፏ ተሸክማ ጎጆ ትሠራለች፤ ወንዱ ሲጠጋትም ትነክሰዋለች። ከየት አረገዘች?

መልስ፦ ያረገዘች አይመስለኝም፤ የሚገልጹት ሁኔታ ሐሰተኛ እርግዝና ይመስላል። የሴት ጥንቸል እንቁላል በየጊዜው ራሱ የሚለቀቅ አይደለም፤ የሚለቀቀው በግንኙነት መነቃቃት ምክንያት፣ ከዚያ በኋላ 10 ሰዓት ገደማ ቆይቶ ነው። የተኮላሸ ወንድ ጀርባዋ ላይ ቢወጣ ዘር ባይኖረውም ይህንኑ መነቃቃት ሊፈጥር ይችላል፤ ሰውነቷም ያረገዘች መስሎት ከ16 እስከ 18 ቀን ድረስ እንደ ነፍሰ ጡር ይሆናል። ጎጆ መሥራቷና ፀጉር መንጨቷ ወደ ማብቂያው መቃረቡን ያሳያል። ጎጆውን አያፍርሱባት፤ ብታፈርሱት እንደገና ለመሥራት ፀጉሯን ይበልጥ ትነጫለች። ወንዱ የሚሸሽበት ቦታ እንዲኖረው ያድርጉ፤ ጠቡ ከበረታም ለቀናት በሽቦ አጥር ይለዩአቸው፣ ከዐይንና ከጠረን ርቀት ግን አያርቋቸው።

ወደ ዋናው ጥያቄ ስንመለስ፣ ሴት ጥንቸልን ማስመከን ልጅ ከመከላከል የሰፋ ዓላማ አለው፤ በእኔ እምነት እንዲያውም ልጅ መከላከሉ ሁለተኛው ምክንያት ነው። ያልመከኑ ሴቶች ዕድሜያቸው ሲገፋ፣ በተለይ ከ4 ዓመት በኋላ፣ የማሕፀን ካንሰር በብዛት ይይዛቸዋል፤ በሽታው ቀስ ብሎ የሚያድግና ወደ ሳንባ የሚዛመት በመሆኑም ሲታወቅ ብዙውን ጊዜ ዘግይቷል። ሐሰተኛው እርግዝናም በተመላለሰ ቁጥር ከወንዱ ጋር የመሠረተችውን ሰላም ይፈታተነዋል። ስለዚህ ሁኔታው ካለፈ በኋላ፣ ጡቶቿ ወደ ነበሩበት ሲመለሱ፣ ከሐኪም ጋር ቀጠሮ ይያዙ።

ለዚያ ቀን ሁለት ነገሮችን ይያዙ። ጥንቸል ማስመለስ ስለማይችል ከቀዶ ሕክምና በፊት እንዲጾም አይደረግም፤ እስከ መጨረሻው ሰዓት ድርቆሽ ይቅረብላት። ሁለተኛ፣ ከነቃች በኋላ በቶሎ መብላት አለባት። ወደ ቤት ተመልሳ እህል የማትቀምስ፣ የማትጸዳዳም ከሆነ እስከ ማግስቱ ልይ ሳይሉ ወደ ሐኪሙ ይደውሉ፤ የሕመም ማስታገሻም ሳይሰጣት እንዳትወጣ ይጠይቁ። እስክታገግም ወንዱ ጀርባዋ ላይ እንዳይወጣ በአጥር ይለዩት፤ አልጋቸው ግን ጎን ለጎን ይሁን።

ጥያቄ፦ ለሁለት ዓመት ያለ አንዳች ጠብ አብረው የኖሩ ጥንዶች ነበሩኝ፤ ሁለቱም ከቀዶ ሕክምና ከወጡ ቆይቷል። ወንዱ ጥርሱን ታክሞ ሕክምና ቤት አድሮ ሲመለስ፣ ሴቷ ጨርሶ እንደማታውቀው አባረረችው። እንዴት ሁለት ዓመት በአንድ ሌሊት ይረሳል?

መልስ፦ አልረሳችውም፤ አላወቀችውም። ጥንቸሎች ጓደኛቸውን የሚለዩት በዋናነት በጠረን ነው፤ የእርስዎ ወንድ ደግሞ የተመለሰው የመድኃኒትና የሌሎች እንስሳት ጠረን ተሸክሞ ነው። ምናልባትም ገና በማደንዘዣው ድንዝዝ ብሎ ወይም አፉን እያመመው ስለ ነበር አካሄዱና ሁኔታውም የተለወጠ መስሏት ይሆናል። ለአንድ ወይም ለሁለት ቀን በሁለት አጥር ይለዩአቸው፤ እሷ የተኛችበትን ፎጣ በእሱ ሰውነት ላይ፣ የእሱንም በእሷ ላይ ይሹት። እሱ በደንብ መብላቱን ካረጋገጡ በኋላ በማያውቁት ቦታ ያገናኟቸው። በአብዛኛው የቀድሞው ወዳጅነት በቀናት ውስጥ ይመለሳል፤ ጠቡ ከባሰ ግን ለመጀመሪያው ጠያቂያችን የተሰጠውን መልስ ከመነሻው ይከተሉ።

ለወደፊቱ አንዳቸው ሲታመሙ ሁለቱንም ይዘው ይሂዱ። ጤነኛው ከታመመው ጋር በአንድ ሳጥን ቢጓዝ፣ ሕክምና ቤቱም ከፈቀደ አብሮት ቢያድር፣ ሁለቱም አንድ ዓይነት ጠረን ይዘው ይመለሳሉ፤ የታመመውም ጓደኛው አጠገቡ ሲኖር ቶሎ መብላት ይጀምራል። ሐኪሞች በዚህ ጥያቄ አይገረሙም፤ የሚያፍሩበት ነገር አይደለም።

ጥያቄ፦ የተኮላሸ ወንድና የመከነች ሴት አሉኝ። የተባለውን ሁሉ አድርጌአለሁ፤ ጠብቄአለሁ፣ ማደሪያ አለዋውጫለሁ፣ በአዲስ ቦታ አገናኝቻለሁ። ወራት አለፉ፤ አሁንም በተገናኙ ቁጥር ይደባደባሉ። መቼ ነው በቃ የሚባለው?

መልስ፦ በቃ ከማለትዎ በፊት ሁለቱንም ለሐኪም ያሳዩአቸው። የጥርስ ሕመም፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትና የእግር መዳፍ ቁስል ጥንቸልን ቁጡ ያደርጋሉ፤ ጥንቸል ደግሞ ሕመሙን በመደበቅ የታወቀ ነው። ጤነኞች ከሆኑ፣ ለአንድ ወር ያህል ግንኙነቱን ሙሉ በሙሉ አቋርጠው ጠረናቸው በማይገናኝበት ክፍል ያኑሯቸው፤ ከዚያ ምንም እንዳልተሞከረ አድርገው ከአጥሩ ይጀምሩ። የየቀኑ ጠብ ራሱ ልማድ ይሆናልና፣ ዕረፍቱ ይህን ልማድ ይሰብረዋል። ቦታውንም ይለውጡ፤ የተደባደቡበት ክፍል ገለልተኛነቱ አብቅቷል።

ይህም ካልሠራ፣ ሁለት አማራጮች አሉ። አንደኛው፣ ቦታውና አቅሙ ካለዎት ለእያንዳንዳቸው ሌላ ጓደኛ መፈለግ ነው፤ ከአንዱ ጋር ያልተስማማ ጥንቸል ከሌላ ጋር በሳምንት ውስጥ ሲስማማ ማየት የተለመደ ነው። አዲስ የሚመጣው ግን ቀዶ ሕክምናው ተሠርቶለት ጊዜውን የጨረሰ ይሁን፤ ሁለት ሳምንት ያህልም ጤንነቱ እስኪታይ ተለይቶ ይቆይ። ለማባበያ ተብሎ የባሕር አሳማ (ጊኒ ፒግ የሚባለውን ትንሽ የቤት እንስሳ) አብሮ ማኖር ግን አይገባም፤ የባሕር አሳማ ቫይታሚን ሲ ከምግቡ ማግኘት ስላለበት አመጋገቡ የተለየ ነው፣ ጥንቸል ሳይታመም የሚሸከመው ባክቴሪያም የባሕር አሳማን ሳንባ ሊያሳምም ይችላል።

ሁለተኛው አማራጭ ጎረቤትነት ነው። በሁለት አጥር ተለይተው፣ እየተያዩና እየተሻተቱ ጎን ለጎን መኖር ከፍጹም ብቸኝነት ይሻላል፤ በየቀኑ ከመነካከስም በእጅጉ ይሻላል። እያንዳንዳቸው ለመሮጥ የሚበቃ የራሳቸው ቦታ፣ የራሳቸው ድርቆሽና መደበቂያ ይኑራቸው፤ እርስዎም ከሁለቱም ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጠው የሚያሳልፉት ጊዜ ይመድቡ። በዚህ አኳኋን ቆይተው አንድ ቀን በአጥሩ ግራና ቀኝ ተጠጋግተው መተኛት ከጀመሩ፣ እንደገና ለመሞከር ማንም አይከለክልዎትም።